የ117 ሁለተኛ ቅጂ

ማክሰኞ 4

የኦክስጅን ማሽኑ ዛሬ ገባ። ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ደረጃውን ወጡና ከአልጋዋ ራስጌ አቆሙት። ቁመቱ ከወንበር አይበልጥም፤ ድምፁ ግን የወፍጮ ቤት ነው። "ትለምዱታላችሁ" አለን ገመዱን የሰካው ሠራተኛ። ባለቤቴ ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ እያስተካከለች፣ "እሱን ምን ቸገረው፤ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ ነው" አለችው። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ትናንት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሐኪሙ ለታላቅ እህቷ ሲነግራት ሰምቻለሁ። "ቢበዛ ሁለት ወር።" ሐኪሞች ማስፈራራት ይወዳሉ።

አታሚው ደወለ። የዝርዝሬ ሦስተኛ እትም እርማት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰው ማተሚያውን ለሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ሦስት መቶ አርባ የዘፈን ሸክላ፤ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደታተመ፣ የመጀመሪያው እትም ከሁለተኛው በምን እንደሚለይ። የሠላሳ ዓመት ሥራዬ ነው። ይደርስለታል።

ዓርብ 7

አንድ ልብስ ሰፊ ሱቁን ሊዘጋ ነው። መደርደሪያ ሥር የከረመ አንድ ካርቶን ሸክላ ሰጠኝ፤ ሁሉም ትንንሾቹ፣ በየገጻቸው አንድ አንድ ዘፈን ያለባቸው። "ከየት እንደመጡ እንኳ አላውቅም፤ ቤቱን ስከራየው እዚሁ ነበሩ" አለኝ።

እትዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ እላታለሁ እንጂ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ እኛ ጋ ነው የምትኖረው።

"በሽተኛ ያለበት ቤት አቧራ ታስገባለህ?"

"ከሥራ ክፍሌ አይወጣም።"

"አንተስ መቼ ትወጣለህ?"

እሑድ 9

ከሰዓት ባለቤቴ ተኛችልኝ፤ ካርቶኑን ፈታሁ። ስልሳ ሦስት ሸክላ። አብዛኛው ተራ ነው። ሥራው ለማያውቀው ሰው ያሰለቻል፤ እኔን ግን አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም። መጀመሪያ የመሃሉን ወረቀት አያለሁ፦ ቀለሙን፣ የፊደሉን ውፍረት። ቀጥሎ ሸክላውን እመዝናለሁ። በመጨረሻ ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶውን የሚዞርበትን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር እመለከታለሁ። እዚያ ላይ ስንተኛው ቀረጻ እንደሆነ የቀረጸው ሰው በእጁ የጫረው ቁጥር አለ። የመሃል ወረቀት ሊዋሽ ይችላል፤ ፋብሪካው ያለቀበትን በሌላ ይተካል። የተጫረ ቁጥር አይዋሽም። ወጣት ሳለሁ ይህን ስለማላውቅ የማየው ወረቀቱን ብቻ ነበር።

አርባ አንደኛው 117 ሆነ። ዘፈኖችን የምጠራቸው በዝርዝሬ ቁጥራቸው ነው። 117ን ከሃምሳ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ፤ ሁሉም ጠርዛቸው ላይ 2 ተጭሮባቸዋል። ይሄኛው ላይ 1 ነው።

መነጽሩን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። 1 ነው።

በሁለቱም የዝርዝሬ እትሞች፣ "አንደኛው ቀረጻ ለሙከራ የዋለ ነው፤ አንድም ቅጂ አልታተመበትም" ብዬ ጽፌያለሁ። ማን ነገረኝ? ማንም። 1 የሚል ስላላየሁ እንደዚያ ቢሆን ነው ብዬ ገመትኩ። ከታተመ በኋላ ሌሎች እኔን እየጠቀሱ ጻፉት። እኔም እነሱን ሳነብ ይበልጥ አመንኩት።

የወረቀት ሽፋኑ ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ደብዝዟል። ሽፋኑን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሰኞ 10

በማዳመጫ ሰማሁት። አራት ጊዜ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከዘፋኙ ድምፅ ሥር የሴት ድምፅ ይገባል፤ እስከ መጨረሻው አብሮት ይሄዳል።

አንዲት ሴት። ከዚህ በላይ ለመጻፍ ገና ነው።

ረቡዕ 12

እርማት፦ ከ1 እስከ 90 አልቋል።

ጠዋት ለባለቤቴ ሻይ ሳቀርብላት፣ "ምን አገኘህ?" አለችኝ።

"ከየት?"

"ከካርቶኑ። ስታገኝ ታፏጫለህ፣ ስታጣ ትነጫነጫለህ። ከእሑድ ወዲህ ዝም ብለሃል።"

"ተራ ነገር ነው" አልኳት።

ሻይዋን ሳትጨርስ መለሰችልኝ። እጇ መቅጠኑን እንዲህ ቅርብ ሆኜ አላየሁትም ነበር።

ሐሙስ 13

ተኝታለች፤ እትዬ መድኃኒት ልታመጣ ወጥታለች። እስኪ ልጻፈው።

ሳንጋባ በፊት ባለቤቴ ከአንድ የሙዚቃ ቡድን ጋር ትዘፍን ነበር፤ ከኋላ ከሚቆሙት ሦስት ሴቶች አንዷ ነበረች። 117 ላይ ብቻዋን ሁለተኛ ድምፅ ሆና እንደገባች የነገረችኝ በተጋባን ሰሞን ነው። የማጫወቻዬ መርፌ ተሰብሮ ስለነበር ወዲያው አልሰማነውም። መርፌው ሲመጣ የእኔን 117 አስቀመጥኩላት። ዘፋኙ ብቻውን ነው። "ይሄ አይደለም" አለች። "117 አንድ ነው" አልኳት። የራሷ ቅጂ ነበራት መሰለኝ። ምን እንደገባ ዛሬ አላስታውስም።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የዝርዝሩ የመጀመሪያ እትም የወጣ ዕለት ሸክላ ሰብሳቢዎቹን ቤት ጋበዝኳቸው። አንዱ 117ን አጫወተ። እሷ ብርጭቆ ይዛ ስታልፍ ቆም አለችና፣ "እኔ አለሁበት እኮ" አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ አዋቂው እኔ ነኝ። ሸክላውን ከማጫወቻው አነሳሁ፣ አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ፣ አንዱን ገጽ አየሁ፣ ሌላውን ገጽ አየሁ። "ፈልጌሽ ነበር፤ የለሽም" አልኳት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለጓንቱ የምንለው ሰብሳቢ፣ ያለ ጓንት ሸክላ የማይነካው፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለችና ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ውስጥ ታንጎራጉር ነበር። ከዚያ በኋላ ሰምቻት አላውቅም። ይህን ዛሬ ነው የማስበው ብል ውሸት ነው።

ቢሆንም አንድ ቅጂ ማስረጃ አይሆንም። ሥራውን ስጀምር አንድ ወስላታ ጠርዙን በምስማር ጭሮ አታልሎኝ፣ የሌለ እትም አለ ብዬ ጽፌ መሳቂያ ሆኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅጂ ካላየሁ አልናገርም። ለማንም ብዬ ይህን ደንብ ጥሼ አላውቅም።

ቅዳሜ 15

ጠዋት፣ ድሮ ሸክላ ፋብሪካው ውስጥ መጭመቂያው ላይ ይሠሩ የነበሩትን ሽማግሌ ሄጄ አየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ሸክላውን ሳላመጣ በቃል ብቻ ነገርኳቸው።

"117? በቁጥር አትንገረኝ፣ ልጄ፤ ዘፈኑን ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አዎ! ሁለቴ ነው የቀረጽነው። መጀመሪያ ያቺ ቀጭኗ ልጅ ገብታበት ሁለት መቶ ያህል አወጣን። ዘፋኙ ሰምቶት መጣ፤ ተንጨረጨረ። 'ሰው የሚሰማት እሷን ነው፣ የኔን ዘፈን ወሰደችብኝ' አለ። አሠሪው ከየሱቁ ሰብስቦ አስቀለጠው። ያለ እሷ ደገሙት።"

"ሁሉም ቀለጠ?"

"ጥቂት አምልጧል። ለእሷም አንድ ደብቄ ሰጥቻታለሁ። አሳዘነችኛ! በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ሳያት ከመጭመቂያው ላይ ገና ሳይበርድ አነሳሁላት። የት ደርሳ ይሆን?"

"አላውቅም ጋሼ" አልኳቸው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። የሰው ትዝታ ቅጂ አይደለም፤ ሽማግሌ ብዙ ነገር ያምታታል።

ስመለስ ሸክላው ጠረጴዛዬ ላይ የሽፋኑ ፊት ወደ ላይ ሆኖ ጠበቀኝ። ገልብጬው ነበር የሄድኩት። እትዬ ስትወለውል ይሆናል። ዕቃዬን አትንኩ ማለት በዚህ ቤት ሰሚ የለውም።

ማክሰኞ 18

ዘጠኝ ሰብሳቢ ጋ ደወልኩ። ሰባቱ ጠርዙን አይተው 2 አሉኝ። አንዱ ስልክ አያነሳም። ባለጓንቱ ሌላ ከተማ ገብቷል፤ ሸክላው መጋዘን ነው፣ "ሳምንት ታገሰኝ" አለኝ። "ምን ተገኘ?" ሲለኝ፣ ምንም አልኩት። ከሰማ ነገ አገር ያውቀዋል።

የኦክስጅን ማሽኑን ከሁለት ወደ አራት ሊትር ከፍ አደረጉት። ድምፁ ጨመረ። በሩን ዘግቼ ስሠራ እንኳ ጠረጴዛው ሥር ይሰማኛል።

እትዬ፦ "ምንድን ነው የምትጠብቀው?"

"ስልክ" አልኳት።

አየችኝና ሄደች።

ሐሙስ 20

ነገርኳት። ልነግራት አላሰብኩም ነበር፤ ትራስ ሳስተካክልላት ከአፌ ወጣ።

"117 ላይ 1 የሚል ቅጂ አግኝቻለሁ።"

ዓይኗን ገለጠች። አሁን ለአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ትተነፍሳለች።

"ሰማኸው?"

"ሰማሁት። የሴት ድምፅ አለበት። ገና እያጣራሁ ነው። ሁለተኛ ቅጂ ሲመጣልኝ..."

"ሽፋኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለበት?"

ማሽኑ ይጮኻል። አልሰማሁም ብዬ ደግማ እንድትጠይቀኝ ማድረግ እችል ነበር። ሰምቻታለሁ።

"የለበትም" አልኳት።

እንደገና አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እንግዲያው የኔ አይደለም" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ላሰማሽ አላልኳትም። በዚህ ማሽን ጫጫታ ሁለተኛ ድምፅ የት ይሰማል፤ ማዳመጫውም ለቱቦው አይመችም። ሁለተኛው ቅጂ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ላይ እነግራታለሁ፤ የእርሳሱንም። ያን ጊዜ ይቀለኛል።

ቅዳሜ 22

እርማት፦ እስከ 210። 117ን ዘልዬዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ከክፍሏ አንድ ነገር ሰማሁ። ማሽኑ መሰለኝ፤ አይደለም። ታንጎራጉራለች። ሁለተኛውን ስንኝ፤ ዜማውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን። ሦስት አራት ቃል ትልና ትንፋሿ ያልቃል፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። በሩ ጋ ስደርስ ዝም አለች።

"ቀጥይ" ማለት ነበረብኝ። "ውኃ ላምጣልሽ?" አልኳት።

ሰኞ 24

ባለጓንቱ ደወለ። የሱ ላይ 1 ይመስለዋል፤ 7ም ሊሆን ይችላል፤ ዓይኑን አያምነውም። በፖስታ እንዲልክልኝ ለመንኩት። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም።

"መጀመሪያ ምን እንዳለ ንገረኛ።"

"የሴት ድምፅ አለበት? አጫውተው።"

"እኔ አላጫውትም፤ ይፋቃል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ባለጓንቱ ሸክላ አያጫውትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሴቲቱን ድምፅ መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ አንድ ቀን አልሰማውም። ልሰድበው ፈለግሁና ተውኩት፤ እኔ በምን እሻላለሁ።

ረቡዕ 26

ምግብ አቆመች። አታሚው ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። ፖስታ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። የለም።

ሐሙስ 27

ፖስታ ቤት። የለም።

ቤት ስመለስ እትዬ፣ "ስትጠራህ ነበር" አለችኝ። ገባሁ። ተኝታለች። እጇን ያዝኩ፤ ስትነቃ እነግራታለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ቅጂው መጣ አልመጣ እነግራታለሁ። በቃኝ።

አልነቃችም።

ዓርብ 28

ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ አረፈች። ማሽኑን ያጠፋችው እትዬ ናት።

ረቡዕ 3

ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አታሚው መጣና እጄን ጨብጦ፣ "እርማቱን አታስብበት፤ ሳምንት ጨምሬልሃለሁ" አለኝ። ደግ ሰው ነው። ከእርማቱ ሌላ የማስበው ያጣሁ መሰለው። እውነቱን ይሆናል።

ሐሙስ 4

ጠዋት ሠራተኞቹ ማሽኑን ወሰዱት። ያን ሁሉ ቀን ሲጮኽ የከረመው ቤት ጸጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ የመጡት ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ፖስተኛው እሽግ አመጣ። በሦስት ካርቶንና በጥጥ ተጠቅልሏል፤ ባለጓንቱ ነው።

እንግዶቹን ትቼ ወደ ሥራ ክፍሌ ገባሁ። መነጽሩን አነሳሁ። 1 ነው። እጅ ጽሑፉ አንድ ነው፤ የቁጥሩ ጅራት እንኳ በአንድ በኩል ነው የታጠፈው። ክብደቱ በአንድ ግራም ይለያል። ተረጋገጠ።

ማዳመጫውን ልሰካ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ያለ ማዳመጫ አጫወትኩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትገባ ሳሎን ውስጥ ወሬው ቆመ። እትዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም።

"እሷ ናት" አለች።

"ሁለተኛ ቅጂ መጣልኝ" አልኳት።

"የመጀመሪያውን አይታዋለች።"

"ማን?"

"ሽማግሌው ጋ የሄድክ ቀን። አምጪልኝ አለችኝ፤ አመጣሁላት። አጫውችልኝ እንኳ አላለችም። ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እየዳሰሰች፣ 'የኔው ነው፤ ይኸው ጽሑፉ' አለች። ስቃ ነበር እኮ። ይነግረኛል አለችኝ።"

ተቀመጥኩ።

"በማግስቱ ጠበቀች። በሳልስቱም ጠበቀች። ሐሙስ ዕለት ጠየቀችህ። እኔ እዚሁ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ፣ ሰምቼሃለሁ። ለምንድን ነው የለበትም ያልካት?"

ሸክላውን ከማጫወቻው አንስቼ ወደ ሽፋኑ መለስኩት።

"ማስረጃ አልፈለገችም። ከአንተ አፍ ነበር የፈለገችው" አለችና ወደ እንግዶቹ ተመለሰች።

እሑድ 7

የዘለልኩትን ልጻፍ፤ ከእንግዲህ ከማን እደብቃለሁ።

ስንጋባ አሥራ ሁለት ሸክላ ይዛ መጣች። ከእኔዎቹ ጋር ቀላቀልኩና የተደገመውን ለየሁ። የእሷ 117 እና የእኔ 117 የመሃል ወረቀታቸው አንድ ነው፤ ጠርዝ ማየት ገና አላውቅም። ከሁለቱ የተቧጨረውን የእሷን መረጥኩና ሽፋኑ ጥግ ላይ በእርሳስ "ትርፍ" ብዬ ጻፍኩበት። ስጽፍ አጠገቤ ቆማ ነበር። "እሱ የኔ ነው፤ አትስጠው" አለችኝ። "ያው ነው፣ አንድ ናቸው" ብያት በሌላ ለወጥኩት። በምን እንደለወጥኩት እንኳ አላስታውስም። ይሄኛውን በእውነት አላስታውስም።

ጽሑፉን ያን እሑድ፣ ሸክላውን ከካርቶኑ ሳወጣው ነው ያወቅሁት። "ፍ"ን ድሮ የምጽፋት እንደዚያ ነበር።

ማክሰኞ 9

እርማቱን ላክሁ። 117 እንዲህ ይላል፦

"117። ሁለት እትም አለው። የመጀመሪያው ጠርዙ ላይ 1 ተጭሮበታል፤ ሁለት መቶ ያህል ከታተመ በኋላ ተሰብስቦ ቀልጧል። በዚህ እትም ሁለተኛውን ድምፅ የዘፈነችው የአዘጋጁ ባለቤት ናት። በቀደሙት የዝርዝሩ እትሞች ስለ አንደኛው ቀረጻ የተጻፈው ስህተት ነው፤ እሷ ትክክል ነበረች። የታዩት ቅጂዎች ሁለት ናቸው። ቅጂ አንድ፦ ጥቂት ተቧጭሯል፤ ሽፋኑ ላይ በእርሳስ 'ትርፍ' ይላል። ጽሑፉ የአዘጋጁ ነው። ቅጂ ሁለት፦ ንጹሕ፤ ተደምጦ አያውቅም ነበር።"

አታሚው ከሰዓት ደወለ።

"ሁሉም ደርሶኛል። 117 ላይ ግን የእርሳሱ ነገር... ለገዢ ምን ይጠቅመዋል? ላውጣው?"

"ተወው" አልኩት። "ለመለየት ይጠቅማል።"